ኤርጫፎ ትቶት የሄደው ፀሐይ

ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ወሬ አይችልም። በለጥሽ ገና ከመደቧ ሳትነሣ፣ ከግድግዳው ወዲያ ወንድሟ ሳምሶን ከብረት ድስት ሠሪው ከክንፉ ጋር ሲነጋገር ቃሉ ሁሉ ተጣርቶ ደረሳት። «ስድስት ናቸው፤ ዙሪያቸው ጥሩ አሉሚኒየም ነው» ይላል ሳምሶን። «መስታወቱንስ ምን ላድርገው?» ይላል ክንፉ። «ሰብረህ ገደል ጨምረዋ! በዚህ አገር ደግሞ ገደል ጠፋህ?» ክንፉ ትንሽ አመነታና «የእትዬ በለጥሽ አይደሉም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሳምሶን ዝም አለ። እዚያው ዝም ብሎ ቢቀር ኖሮ በለጥሽ ይቅር ትለው ነበር፤ ዝምታ ቢያንስ እፍረት አለበት። እሱ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «እሷ ስለነሱ ምን ታውቃለች? ለዶሮዋ መከለያ አድርጋቸዋለች። ለዶሮው ቆርቆሮ እፈልግላታለሁ» አለ። ይህን የሚለው በልጅነቱ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። በለጥሽ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ጣራውን እያየች ቆየች።

እነዚያ ስድስት ሶላሮች የባሏ የኤርጫፎ ነበሩ። ኤርጫፎ ዶርዜ ላይ የአንድ ጤና ኬላ ዘበኛ ሳለ፣ የክትባቱ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ያቆማል። ከታች የመጡ ሰዎች «ሶላሩ ሞቷል» ብለው ፈረዱበትና በላምባ የሚሠራ ፍሪጅ አስገብተው፣ ሟቹን ለዘበኛው መርቀውለት ሄዱ። ኤርጫፎ ስለ ሶላር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ግን የዶርዜ ሰው ነውና አንድ ነገር ያውቃል፦ መሬት የነካ ሁሉ የምስጥ ነው። ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ አቁሞ በየሥራቸው አመድ ነሰነሰላቸው፤ ፀሐይ እንዳታደክማቸውም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞረ። መስታወት የሚበላ ምስጥ እስከ ዛሬ አልተወለደም፤ ቢወለድም በኤርጫፎ አመድ አያልፍም ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ በለጥሽ ሶላሮቹን በአይሱዙ ጭና አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ወንድሟ ቤት ወረደች። የሰጧት የጓሮ ክፍል አንድ መደብ፣ አንድ ሳጥን፣ አንድ ጀሪካንና አንድ ኩራዝ ከያዘ በኋላ ለበለጥሽ የሚተርፈው ቦታ መቆሚያ ብቻ ነው። ሶላሮቹም ውጭ ቀሩ፤ ዶሮዎቹ ተጠለሉባቸው።

ሳምሶንም ቢሆን ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይህን በለጥሽም ታውቀዋለች፤ የሚያናድዳትም ይኸው ነው። የሰማንያ ዘጠኙ መስቀል ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። የጋሞ አባወራ ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ ከማኅበርተኞቹ ጋር ይቆጥባል፤ ሳምሶን ግን በእህል መጋዘን ጆንያ ሲሸከም ወገቡን ታሞ ክረምቱን ስለተኛ መዋጮው ከመንገድ ቀርቷል። የመስቀል ለት የጎረቤት ጥብስ እየሸተተው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አባወራ፣ ቀብሩ የዘገየ ሰው ነው እንጂ ሕያው አይባልም። ክንፉ የዚያው የበሬ ማኅበር አባል ነው፤ ሶላሮቹን ከሰጠኸኝ የሥጋ መደብህን እኔ እችላለሁ ብሎታል። እንግዲህ ስድስቱ ሶላሮች በአንድ በኩል ድስት፣ በሌላ በኩል ሥጋ ሊሆኑ ነው። ለበለጥሽ ግን ከባሏ የቀራት ንብረት እነሱ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ከሄዱ በዚህች ምድር ላይ «የኔ» የምትለው ኩራዙንና ዶሮዎቹን ነው። ዶሮዎቹም ቢሆኑ መስቀል መቃረቡን አልሰሙም።

ክንፉ ሲሄድ ጠብቃ ወጣች። የሶላር ነገር የሚያውቅ ሰው በሲቀላ አንድ ብቻ ነው። ችግሩ፣ ያ ሰው ራዲዮ ጠጋኙ አበጋዝ መሆኑ ነው፤ አበጋዝ ደግሞ በውሸት ከአርባ ምንጭ እስከ ሶዶ ወደር የለውም። ሆኖም የሰመጠ ሰው ገለባም ይጨብጣል። ከሶላሮቹ አንዱን በቡልኮ ጠቅልላ በገመድ ጀርባዋ ላይ አሰረች። በሩ ጋ የወንድሟ ሚስት ሻሺቱ ልብስ ታጥባለች። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ እየኖሩ በቀን ከአሥር ቃል በላይ አይለዋወጡም፤ ጠብ የለም፤ ቃል ብቻ ነው የሌለው። ሻሺቱ ቀና ብላ ጀርባዋ ላይ ያለውን አየች፣ የሳሙናውን አረፋ አየች፣ ከዚያ ለአረፋው እንደምትነግር ሁሉ «ክንፉ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው» አለች።  በለጥሽ እግሯን አፈጠነች።

ከመስቀል በፊት ያለ የሲቀላ ገበያ ሰው በሰው ላይ የሚሄድበት ነው። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ፣ ሙዙ በየጥጉ ተከምሮ፣ ዶርዜዎች ያወረዱት ጋቢ በገመድ ላይ ተሰቅሎ፣ ዋጋው ሁሉ ደግሞ ከባለቤቱ ራስ በላይ ወጥቶ ነበር። መናኸሪያው ጋ ወዛደሮቹ አዩዋት። «እትዬ! መስኮት ነቅለሽ ነው የመጣሽው?» አላት አንዱ። «ቤቱንስ የት ተውሽው?» ሲል ሌላው ተቀበለው። «ቤቱን አንተ ተሸክመህ አምጣልኝ፤ ወገብ ካለህ» አለችና አለፈች። ሳቁ ከኋላዋ ሲንከባለል እስከ አበጋዝ ደጅ ድረስ ሸኛት።

የአበጋዝ ሱቅ ግማሹ ሸራ ግማሹ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ሆዳቸው የተዘረገፈ ራዲዮኖች እንደ ታረዱ ዶሮዎች ተደርድረዋል። ሰውየው አንድ የመኪና ባትሪ ፊት ቆሞ፣ ከላንቴ ለመጣች ወለቴ ለምትባል ሙዝ ገበሬ ያወራላታል። ወለቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የተጠቀለለ እግሯን ዘርግታለች። «እኛ አገር አንድ ሶላር ነበረ» ይላል አበጋዝ፤ «ከኃይለኛነቱ የተነሣ ዶሮዎች ከሥሩ ሲጥሉ እንቁላሉ ተቀቅሎ ነበር የሚወጣው። አንድ ለት ጅብ መጣና ፊቱን በመስታወቱ ውስጥ ሲያይ ደነገጠ። ለካ ይህን ያህል አስቀያሚ ነኝ ብሎ አፈረ፤ ከዚያ ወዲያ ሥጋ አልቀመሰም፣ ጎመን ሲበላ የሞተ ጅብ እሱ ብቻ ነው።» ወለቴ ፊቷን ሳትፈታ «አንተ ባትሪዬን ስጠኝና ጅቡን ራስህ ቅበረው» አለችው። በለጥሽ ጭነቷን ስትፈታ አበጋዝ ወሬውን አቋረጠ። ቡልኮው ሲገለጥ ደግሞ አፉን ዘጋ፤ ይህን ያዩ የገበያ ሰዎች ኋላ ሲያወሩ፣ አበጋዝ በሕይወት ዘመኑ ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ አያውቅም ይላሉ።

«ሞቷል ተብሏል» አለች በለጥሽ።

«ማን ነው የገነዘው?»

«ፍሪጁን ሊያዩ የመጡ ሰዎች።»

«እና ባትሪውን አይተውት ነበር?»

በለጥሽ አስታወሰች። ከሶላሮቹ ጋር አብሮ የነበረው ትልቅ ባትሪ ሆዱ አብጦ፣ ጥርሱ ላይ ነጭ ነገር ወጥቶበት፣ ኤርጫፎም የማይረባ ነው ብሎ ለአንድ ቸርቻሪ ሰጥቶት ነበር። ይህን ስትነግረው አበጋዝ ጭንቅላቱን ያዘ። «አህያ ቢሞት ጋሪውን ቀበሩት በይኛ!» አለ። ከአንድ የተገለበጠ አይሱዙ የወጣ የመኪና ራዲዮ ከመደርደሪያ አነሣ፤ ሶላሩን ወደ ሰማይ አጋድሞ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ ከጀርባው ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ፋቀና ከራዲዮው ጋር አቆራኛቸው። ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ እንደሚጠበስ ቆሎ የሚንጣጣ ድምፅ መጣ። አበጋዝ ቁልፉን ትንሽ ሲያዞር አንድ ሰውዬ ከሽቦው ውስጥ ወጥቶ ስለ ቡና ገበያ በሰፊው ማውራት ያዘ።

በለጥሽ በእጇ አፏን ከደነች። ከኤርጫፎ ጋር የነበሩበት ቤት፣ አመዱ፣ ጎንበስ ብሎ ሲነሰንስ የሚታየው ጀርባው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። እሷ ባሌ የማይረባ ነገር ትቶልኝ ሄደ ብላ ሳትናገር በልቧ ታዝንበት ነበር። አበጋዝም ቢሆን ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። «ምነው?» አለችው ወለቴ። «ይሠራል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለ ቀስ ብሎ፤ «እውነት እንዲህ ሰው ታስደነግጣለች እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ያወራው ሁሉ፣ ከልማዱ ውጭ፣ ልኩን የጠበቀ ነበር። ሶላር እንደ ባትሪ በሦስት ዓመት አይሞትም፤ ያረጃል እንጂ። ዱሮ ሙሉ ማድጋ ይቀዳ ከነበረ ዛሬ ትንሽ ጎድሎ ይቀዳል፣ ያው ነው። በለጥሽ ይህን ለመረዳት ሁለተኛ ጊዜ አላስፈለጋትም። የዶርዜ ቤት እንደዚያ አይደል? ከቀርከሃ ተሠርቶ ሲቆም ከዝሆን ይተልቃል፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው በየዓመቱ ያጥራል፤ በሩ ዝቅ ሲል ሰው ጎንበስ ይላል እንጂ ቤቱን አፍርሶ አይጥልም። መሬቱ አልስማማ ካለም ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እንጨት አግብቶ፣ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። በአርባ ዓመት ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትወጣና ስትገባ የኖረች ሴት፣ ያጠረ ነገር የሞተ ነገር አለመሆኑን ማንም አያስተምራትም። «ወንድሜ ዛሬ ሊያሰብራቸው ነው» አለች። «ዙሪያውን ለድስት፣ መስታወቱን ለገደል።»

ይሄኔ ወለቴ የተጠቀለለ እግሯን ወደ ፊት ገፋ አደረገችው። «ይሄን ያየሽ እንደሆነ፣ ይሄም የገደል መስታወት ነው። ከላይ ከደጋው አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ሰባብሮ ገደል ከትቶ፣ ጎርፍ ለቅሞ የሙዛችን ቦይ ውስጥ አመጣልን። ቦይ ስንጠርግ የስንቱን እግር በላ! ሰማያዊ ሰማያዊ ስባሪ ነው፤ ልጆች ጌጥ መስሏቸው አፋቸው ይከታሉ።» አበጋዝ «ብየዳውም እርሳስ አለበት» አለ፤ «እርሳስ የገባበትን ውሃ የጠጣ ከብት አይደልብም፣ ልጅም አእምሮው አይፋፋም።» ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ ይህቺኛዋ ውሸት ብትሆን በወደዱ ነበር። ወለቴ ባትሪዋን በእግሯ ነካ አደረገችና ቀጠለች። «እኔ ይሄን ለማስሞላት ለመኪና እከፍላለሁ፣ ለዚህ ውሸታም እከፍላለሁ፣ ወገቤን ደግሞ በነፃ እሰብራለሁ። ሌሊት ከርከሮ ሙዙን ሲገለብጥብን የምናበራው መብራት ይሄው ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደኔ ነው። እነዚህን ላንቴ በረንዳዬ ላይ ብትተክያቸው፣ ባትሪያችንን አንቺ ትሞዪልን ነበር፤ አንድ ክፍልም አለኝ፣ ሙዝ ከማስቀምጥበት አንቺን ባስቀምጥበት ይሻላል።»

«ደንበኛዬን ከፊቴ ላይ!» አለ አበጋዝ። ግን ራዲዮውን በፌስታል እየከተተ፣ ሱቁንም እየሸፈነ ነበር። «በሉ እንሂድ። ሽቦ የሚቀጥልላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል፤ ያ ሰው ደግሞ በነፃ አይቀጥልም።» ወለቴ በእግሯ ምክንያት እዚያው ቀረች፤ «መልሱን ልከሽ አሳውቂኝ» ብላ።

ግቢው ሲደርሱ ሰማዩ ተለውጦ ነበር። በደጋው በኩል ያለው ተራራ ፀሐይዋን ገና በጊዜ ይወስዳታል፤ ያን ለት ደግሞ ከጫፉ ላይ ጥቁር ዳመና ደርቦ ነበር። ክንፉም አልጠበቀም፤ እሳቱን አንድዶ ስለመጣ ቸኩሏል። አንዱ ሶላር ተሰብሮ ስባሪው መሬት ላይ ያብለጨልጫል፤ ዶሮዎቹ እህል መስሏቸው ይለቅሙታል። ክንፉ መዶሻውን ይዞ ሁለተኛው ላይ ተደፍቷል። ሳምሶን በርጩማ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። በለጥሽ ጭነቷን አወረደችና አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «ሳምሶን፣ ሶላሮቹ ይሠራሉ።»

«ማን አለ?»

ከኋላዋ አበጋዝ ብቅ አለ። ክንፉ አየውና መዶሻውን መሬት ላይ ጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳምሶንም ሳይወድ ሳቀ። «ጅቡን ጎመን ያበላው ሰው መጣ! ከሲቀላ ሕዝብ መካከል ምስክር አድርገሽ ያመጣሽው አበጋዝን ነው፣ እትዬ?» አላት ክንፉ። አበጋዝ በእልህ ራዲዮውን አውጥቶ ሽቦውን አቆራኘ። ድምፅ የለም። ሶላሩን ወዲህ አጋደለ፣ ወዲያ አጋደለ፣ በቡጢ መታው፤ ዳመናው እንደሆነ ንቅንቅ አላለም። ስንት ዘመን ያልሆነውን ሆነ እያለ ያሳመነ አፍ፣ የሆነውን ሆነ ሲል የሚያምነው አንድ ጆሮ አጣ። «እኩለ ቀን ላይ ሠርቷል፣ በእናቴ!» ቢልም በእናቱ ስንት ጊዜ እንደማለ ሁሉም ያውቃል። «በሉ፣ ጨዋታው ይብቃ፤ እሳቴ እየበረደ ነው» አለ ክንፉና መዶሻውን አነሣ።

በዚህ መሃል ሻሺቱ ከቤት ወጣች። ማንም አላያትም፤ ማንም እሷን የማየት ልማድ አልነበረውም። ወደ አጥሩ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ሁለት እጇ ሙሉ እርጥብ ሣር ነጨች። ከዚያ በክንፉና በሶላሩ መካከል ገብታ ሣሩን መስታወቱ ላይ አኖረችው። በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ይዞ በሁለት ሰው መካከል የቆመ ሽማግሌ ካለ የተሰነዘረ ዱላ ይመለሳል፤ የደም ጠብ እንኳ ሣር ፊት ይቆማል። ይህ ግን የሽማግሌ ሥራ ነው። ሴት፣ ያውም ለመስታወት፣ ሣር ስትነጭ ያየ ሰው የለም። ክንፉ መዶሻውን ከፍ እንዳደረገ ቀረ። ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ አልመጣም። እጁ ቀስ እያለ ወረደ።

«ሻሺቱ፣ ምን ሆነሻል?» አለ ሳምሶን።

«እትዬ በለጥሽን አልጠየቅካትም» አለች ሻሺቱ። «አበጋዝን ጠየቅክ፣ ዳመናውን ጠየቅክ። እሷን አልጠየቅክም። ሣሩ እስክትጠይቃት ይቆያል።»

በሁለት ዓመት ውስጥ በለጥሽ ከዚህች ሴት አፍ የሰማችው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር።  ሳምሶን እህቱን ቀና ብሎ አያት። መልኳ ያው ነው፤ ግን ሲያያት ትንሽ ቆየ፣ ረስቶት የኖረ ሰው ቤት እንደደረሰ እንግዳ። «አንቺ ሰማሽው?» አላት።

«ሰማሁት። ስለ ቡና ነበር የሚያወራው።»

ሳምሶን ከበርጩማው ተነሣ። ወገቡን ያዘ፣ ወደ ክንፉ ዞረ። «እህቴ ሰምታዋለች» አለ። «የተሰበረውን ውሰድ። የቀሩት አይነኩም።»

«የሥጋው መደብስ?»

«መደቡ ይቀራላ።» ይህን ሲል ድምፁ ትንሽ ተሰነጠቀ፤ የመስቀል ሥጋ ቀላል ነገር አይደለምና። አበጋዝ ግን አምስቱን አንድ በአንድ ገልብጦ ሲያያቸው አንደኛው መስታወቱ ከዱሮ ተሰንጥቆ፣ ዝናብ ገብቶበት፣ ውስጡ ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ተገኘ። «ይሄኛው በእውነት ሞቷል፤ ለዚህስ እኔም አለቅሳለሁ» አለ። ክንፉ የሁለቱን ሟቾች ዙሪያ ወሰደ፣ የቆሙበትን የብረት እግርም ጨመሩለት፤ በዚያ ልክ ሳምሶን የመደቡን ግማሽ እንዲያገኝ ተስማሙ። ሻሺቱ «ቅቤው ካለ ግማሽ ሥጋም ሥጋ ነው» አለች። ስባሪውን በለጥሽ ራሷ እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ጠርጋ በጆንያ ከተተችና ለክንፉ አሸከመችው፤ ገደል እንዳይሆን፤ የድንጋይ አጥሩ ራስ ላይ በሲሚንቶ ይትከለው፣ ሌባ ይከልክልበት። ክንፉ «አንቺ ሴትዮ አሁንስ የማዘጋጃ ቤት ሰው ሆንሽብኝ» እያለ ተሸክሞ ወጣ። እርሳስ ያለበትን የብየዳ ክር አበጋዝ ለቅሞ ኪሱ ከተተ፤ ራዲዮውን ግን ከሽቦው ሥራ ጋር አብረሽ ትከፍዪኛለሽ ብሎ ለበለጥሽ ተወላት። ሲሄድ በር ላይ ላገኘው ሰው፣ በለጥሽ ግቢ ውስጥ አንድ ሶላር ራሱ ተነሥቶ ሲሄድ አየሁ ብሎ መሃላ ጀምሮ ነበር።

አራቱ ሶላሮች ቀሩ። ሳምሶን አጠገባቸው ቆሞ ሣሩን ከመስታወቱ ላይ በጣቱ ገለል ያደርጋል፤ መልሶ ያኖረዋል። በለጥሽ ስለ ወለቴ፣ ስለ በረንዳው፣ ስለ ክፍሉ አጠር አድርጋ ነገረችው። እሱም እስክትጨርስ ሰማት። ለካ ሶላሮቹን ማትረፍ እህቱን መሸኘት ነበር፤ ይህን ያሰበው አሁን ነው።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ከመስቀል በኋላ።»

«ላንቴ ወባ አለበት» አለ።

«ሲቀላስ የለም?»

 ሻሺቱ ከውስጥ እቃ ስታነሣ ስታስቀምጥ ይሰማል። ሳምሶን ጉሮሮውን ጠረገ፣ ተራራውን አየ፣ ጫማውን አየ።

«እሁድ እሁድ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም፣ ማንም ሌላ ነገር እንዳያስብ፣ ፈጠን ብሎ ጨመረ፦ «ራዲዮውን ልሰማ ነው።»